አንድ ባልዲ፣ አንድ ቃሪያ፦ ችግኝ መምረጥና ማሳሳት በሽምብጥ በረንዳ

የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፤ ጠዋት። የስፌት ማሽኔ ላይ ከመቀመጤ በፊት በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብዬ የቃሪያ ችግኝ በክር መቁረጫ መቀስ እየቆረጥኩ ነበር። አከራዬ ከጊዮርጊስ ተሳልመው ሲመለሱ አዩኝ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ እነዚህ ምስኪኖች ምን በደሉሽ?»

«እማማ፣ ሁለቱን ካልቆረጥኩ ሦስቱም አያምርባቸውም።»

አልተዋጠላቸውም። «የበቀለን ነገር!» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቤት ገቡ።

እውነታቸውን ነው፤ ያሳዝናል። ሳምንታት ጠብቃችሁት፣ በየማታው ብርድ እንዳይመታው ቤት ስታስገቡት ከርማችሁ፣ የበቀለውን በገዛ እጅ መቁረጥ ቀላል አይደለም። ግን በባልዲ ቃሪያ ለማብቀል ለምታስቡ ሁሉ ከልቤ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ችግኝ የሚመረጠው በአንገቱ ነው። የሚቆረጠውም ገና በለጋነቱ ነው። ሁለቱንም የተማርኩት ቃሪያ አጥቼ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መሬት የለኝም። ያለችኝ አራት እርምጃ የምታህል በረንዳ ናት፤ እሷ ላይ 11 ባልዲ ተደርድሯል። ያደግኩት ግን ቡሬ አካባቢ ነው፤ እናቴ የበርበሬ ችግኝ ስታፈላ፣ ስትተክል፣ ስትኮተኩት እያየሁ። ስለ ችግኝ የማውቀው ከእሷ ነው። ስለ ባልዲ ግን እሷም አታውቅም። እሱን በራሴ ኪሳራ ነው ያወቅኩት።

አምስት ቃሪያ በአንድ ባልዲ

የመጀመሪያው ዓመት አንድ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ነበረኝ። አምስት ችግኝ በቀለ። አንዱንም መቁረጥ አልቻልኩም። «አምስት ከሆኑ አምስት እጥፍ ቃሪያ ይሰጡኛል» ብዬ ሁሉንም ተውኳቸው።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ደህና ነበሩ። ከዚያ እርስ በርስ ብርሃን እየተሻሙ ሽቅብ ተመዘዙ። ቅጠላቸው አነሰ። ጠዋት አጠጥቼ እኩለ ቀን ላይ ሳያቸው ጠውልገዋል፤ ማታ ደግሜ አጠጣለሁ። አበባ ያወጣሉ፣ አበባው ይረግፋል። ሰኔና ሐምሌ ጠብቄ ጠብቄ ያገኘሁት ከአምስቱ አንድ ላይ ሁለት እፍኝ የማይሞላ፣ አውራ ጣት የማታክል ቃሪያ ነው።

መስከረም ላይ ባልዲውን ስገለብጠው ነገሩ ገባኝ። አፈር አልነበረም ማለት ይቻላል። የአምስቱ ሥር እንደ ዳንቴል ተጠላልፎ፣ የባልዲውን ግድግዳ ዙሪያውን ጠምጥሞ፣ አንድ ቡጭቅ የማይል ድቡልቡል ሆኗል። የማን ሥር የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም።

ማሳ ላይ ያለ በርበሬ ጎረቤቱ ቢያጨናንቀው ሥሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሰዳል፤ ወደታችም ይወርዳል። የባልዲ ቃሪያ ግን መሄጃ የለውም። ውሃውም ምግቡም እዚያችው ባልዲ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የኔ ልክ ይኼ ነው፦ 20 ሊትር ለሚይዝ ባልዲ አንድ ቃሪያ። 10 ሊትርም ይበቃዋል፤ ግን በመጋቢት ፀሐይ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃችኋል። ሚጥሚጣ ከሆነ በ5 ሊትር የዘይት ጀሪካንም ይኖራል። ሁለት ቃሪያ በአንድ ባልዲ ግን፣ እመኑኝ፣ የአንዱን እጥፍ አይሰጣችሁም።

ማሳሳት የሚጀምረው ዘር ሲዘራ ነው

ብዙ ሰው ዘሩን እፍኝ ሙሉ በትኖ በኋላ ይጨነቃል። ስንት እንደምትቆርጡ የሚወሰነው ስትዘሩ ነው። ስለዚህ ዘራችሁን ቀድማችሁ እወቁት።

እኔ ዘር የማወጣው ቅዳሜ ገበያ ከምገዛው በደንብ ከቀላ ቃሪያ ነው። አረንጓዴውን አትሞክሩት፤ ዘሩ ገና አልበሰለም። ቅርጹ የሚያምር፣ ሥጋው ወፍራም፣ ነጠብጣብ የሌለበትን መርጣችሁ ዘሩን ጥላ ውስጥ አድርቁ። ስታወጡት እጃችሁ ይቃጠላልና ፌስታል አጥልቁበት፤ ዓይናችሁን እንዳትነኩ። አንድ ነገር እወቁ፤ ቃሪያና ቃሪያ ይዳቀላል። አጠገቡ የሚያቃጥል ዓይነት ተተክሎ ከነበረ የሚወጣው ልጅ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ ዘር ከሆነም ከፍሬው ያወጣችሁት ዘር ዓይነቱን አይጠብቅም። ዛላውን አድርቃችሁ በርበሬ ማድረግ ከፈለጋችሁ እንደ ማረቆ ፋና ያለ የታወቀ ዓይነት ፈልጉ። ለበረንዳ ግን እኔ የምመክረው በአረንጓዴነቱ የሚለቀመውን ነው፤ በለቀማችሁት ቁጥር ይጨምራል።

ከዚያ 10 ዘር ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጉ። ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። እኔ ፍሪጅ አናት ላይ ነው የማስቀምጠው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 8 ወይም 9 ካጎነቆሉ በአንድ ኩባያ ሁለት ዘር ይበቃል። ከ5 እስከ 7 ከሆኑ ሦስት አድርጉ። ከ5 በታች ከሆነ ዘሩ አርጅቷልና ሌላ ፈልጉ። የቃሪያ ዘር በደንብ ደርቆ ቢቀመጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን እየደከመ ይሄዳል።

ኩባያ የምላችሁ ከወገቡ የተቆረጠ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። ታቹን በጋለ ወስፌ አራት ቦታ እበሳዋለሁ። አፈሩ ሁለት እጅ የተነፋ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያለ አሸዋ ለችግኝ አይሆንም። ከመዝራቴ ቀደም ብዬ የፈላ ውሃ አፈስበትና እስኪቀዘቅዝ እተወዋለሁ፤ ችግኝ የሚያበሰብሰውን በሽታ ይቀንሰዋል።

ብስባሽን ካነሳሁ አይቀር፣ «ከጣና እንቦጭ አምጥተሽ ለምን አታበሰብሺም?» የሚሉኝ አሉ። እኔ አላደርገውም። እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከሐይቁ ተሸክሜ ወደ ሰፈር ቦይ የማስገባበት ምክንያት አይታየኝም። የወጥ ቤት ልጣጭና የዶሮ ፍግ አብሬ ሳበሰብስ ይበቃኛል።

ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት። ደግሞ አራርቁት። ሁለት ከሆኑ ግራና ቀኝ፣ ሦስት ከሆኑ በጉልቻ ቅርጽ። ሲበቅሉ ተቃቅፈው ከወጡ መቀሱ መግቢያ ያጣል።

የምዘራው ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ባሕር ዳር ሞቃት ናት እንላለን፤ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ይበርዳል። የቃሪያ ዘር ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ ኩባያዎቹን በትሪ አድርጌ ማታ ማታ አስገባቸዋለሁ። በሞቃት ወር በስምንት ቀን የሚወጣው ጥር ላይ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ተስፋ ቆርጣችሁ አፈሩን እንዳትቆፍሩት።

የረዘመውን መርጬ የተቀጣሁበት ዓመት

ይኼን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ «ዘንድሮ አሳሳለሁ» ብዬ ወሰንኩ። ኩባያዎቹን ማሽኔ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። እየሰፋሁ አያቸዋለሁ። ሲረዝሙ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሁለት ሳምንት ከሌባ ጣቴ በለጡ። መቀሴን አነሳሁና አጫጭሮቹን እየቆረጥኩ ረጃጅሞቹን አስቀረሁ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት ላይ በረንዳ አወጣኋቸው። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚነሳውን ነፋስ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ቀን ከ14 ችግኝ ስምንቱ አፈሩ ላይ ተኙ። ሦስቱ ከወገባቸው ተቀንጥሰዋል። የተረፉትን በክር እንጨት ላይ አሰርኳቸው፤ ግን እስከ መጨረሻው ደካማ ሆነው ቀሩ።

ለእናቴ ደወልኩላት። ያየሁትን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «አንቺ ልጅ፣ ብርሃን ፍለጋ የሮጠውን ነዋ ያስቀረሽው!» አለችኝ። እውነትም። ጥላ ውስጥ ያለ ችግኝ ወደ ብርሃን ለመድረስ ቁመቱን ይመዛል፤ ያንን ያህል ግንዱ አይደነድንም። እኔ ጥንካሬ ብዬ ያነበብኩት ርዝመት የችግሩ ምልክት ነበር። የቆረጥኳቸው አጫጭሮች ምናልባት ይሻሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ቀን ቀን ብርሃን ላይ ነው የሚውለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ እየጨመርኩ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መዳፌን ዘርግቼ አናታቸውን ቀስ ብዬ እዳብሳለሁ፤ እንደ ነፋስ። ይኼ ግንዳቸውን አጠር፣ ወፈር ያደርገዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ትምባሆና ቃሪያ ዘመድ ናቸው፤ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል።

አንገቱን እንዴት ነው የምታዩት?

ከላይ ቆማችሁ ወደ ታች አትዩ። ከላይ የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው። ኩባያውን አንሱና ከዓይናችሁ ትክክል አድርጉት፤ ወይም እንደኔ ቁጢጥ በሉ።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ ቀጠን፣ ረዘም ያሉ ቅጠሎች የዘር ቅጠል ናቸው። ከእነሱ መሃል በኋላ ሰፋ ብሎ የሚመጣው እውነተኛው ቅጠል ነው። አንገት የምለው ከአፈሩ እስከ ዘር ቅጠሎቹ ያለውን የግንድ ክፍል ነው። የጥሩ ችግኝ አንገት አንድ ሁለት የጣት አንጓ ቢሆን ነው። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ውፍረቱ ወደ ክብሪት እንጨት ይጠጋል። ከታች እስከ ላይ እኩል ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ አይቀጥንም። ቀጥ ብሎ ይቆማል። እፍ ስትሉበት ጎንበስ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ደካማው ጎንበስ ካለ ሲንቀጠቀጥ ይቆያል፤ ወይም ጎንበስ እንዳለ ይቀራል።

አንዳንዱ ችግኝ አንገቱ ወይን ጠጅ ዓይነት ቀለም አለው። ለዓይን እንግዳ ቢሆንም በሽታ አይደለም፤ እንዳትቆርጡት። ግንዱ ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቡናማ፣ ውሃ ያዘለ የሚመስል ቀለበት ካያችሁ ግን ያ በሽታ ነው።

ቀጥሎ የዘር ቅጠሎቹን እዩ። ሁለቱም አሉ? እኩል ናቸው? ተዘርግተዋል ወይስ ተጠቅልለዋል? ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግኙን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። አንዱ የጎደለው ወደኋላ ይቀራል። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ይሁን። ሁሉም ኩባያዎች ገርጥተው ከሆነ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም፤ ወይ ውሃ አብዝታችኋል፣ ወይ አፈሩ ምግብ የለውም። ከጓደኞቹ መሃል አንዱ ብቻ ከገረጣ እሱ ይውጣ።

አንድ የሚያታልል አለ። የዘር ቅጠሎቹ ያማሩ፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ግን መሃላቸውን ስታዩ ባዶ ነው። እንደ መርፌ ጫፍ የምታክል ለጋ ቅጠል መታየት ሲገባት የለችም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለውን አንድ ወር ጠብቄዋለሁ። ቅጠሎቹ እየወፈሩ ሄዱ እንጂ ምንም አልወጣም። ጓደኞቹ አራት ቅጠል ሲያወጡ ይሄኛው እዚያው ነው። መሃሉ ባዶ የሆነውን አትጠብቁ።

ሌላው ደግሞ ቆብ ያጠለቀው ነው። የዘሩ ልጣጭ ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጥፍር አትላጡት፤ አብሮ ቅጠሉ ይቀደዳል። አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉበትና አንድ ቀን ተዉት። ለስልሶ በራሱ ይወድቃል፤ ካልወደቀም በእርጥብ ጥጥ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። በሁለት ሦስት ቀን ካልተላቀቀ ያ ችግኝ ይውጣ።

ስታወዳድሩ ደግሞ ዓይነት ከዓይነት ጋር ይሁን። ሚጥሚጣ ከቃሪያ ዘግይቶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም ደቃቃ ነው። አንድ ትሪ ላይ አድርጋችሁ «ይሄ ደካማ ነው» ብትሉት ትበድሉታላችሁ።

መቁረጥ

ሁለት ዙር ነው የማሳሳው። የመጀመሪያው የዘር ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቅጠል ብቅ ስትል ነው። ያን ጊዜ የሚወጡት ጉዳታቸው በግልጽ የሚታየው ብቻ ናቸው፤ አንድ ቅጠል ያላቸው፣ የተጠማዘዙ፣ የገረጡ። የሚያጠራጥረኝን አልነካም። ሁለተኛው ዙር እውነተኛ ቅጠሎቹ ሦስት አራት ሲሆኑ ነው። በዚህኛው በየኩባያው አንድ ብቻ ይቀራል። ከዚህ ካለፈ ሥሩ መጠላለፍ ይጀምራል። የአንዱ ቅጠል በሌላው ላይ ጥላ ሲጥል ካያችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ቁረጡ።

አትንቀሉ። ይኼን ደግሜ እላለሁ፤ አትንቀሉ። ሲነቀል የሚቀረውንም ሥር ይዞ ይወጣል፤ ወይም ይበጥስበታል። የቃሪያ ሥር ቀጫጭን ነው፤ ከጉዳት ቶሎ አያገግምም። መቀስ ተጠቀሙ። የኔዋ የክር መቁረጫ ናት፤ ጫፏ ሹል ስለሆነ ጠባብ ቦታ ትገባለች። ይህን ሥራ ብቻ ነው የምትሠራው፤ ከመጀመሬ በፊትና የታመመ የመሰለኝን ከቆረጥኩ በኋላ በአልኮል እጠርጋታለሁ።

የት እንደምትቆርጡም ወሳኝ ነው። ከዘር ቅጠሎቹ በታች፣ አፈሩን ልትነኩ ስትደርሱ። እዚያ ላይ ከተቆረጠ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። ከዘር ቅጠሎቹ በላይ ከቆረጣችሁት ግን ከቅጠሉ ብብት አዲስ ቀንበጥ ያወጣና እንደገና ሌላውን መሻማት ይጀምራል። የተቆረጠውን ኩባያው ውስጥ አትተዉት፤ እርጥብ አፈር ላይ ይበሰብሳል።

ሁለቱ እኩል ጥሩ ከሆኑስ? ይኼ ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ ነው። ሁለቱም አንገታቸው ወፍራም፣ ቅጠላቸው ሙሉ። ያን ጊዜ ለኩባያው መሃል የቀረበውን አስቀራለሁ። ሥሩ በሁሉም በኩል እኩል ቦታ ያገኛል። ከዚያ በላይ አላስብበትም፤ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከፈላል።

መቁረጥ ጨርሶ ካላስቻላችሁ ማዛወር ትችላላችሁ። ግን ቀድማችሁ፤ የዘር ቅጠሎቹ እንደተዘረጉ፣ ሥሩ ገና አንድ ክር እያለ። አፈሩን አርጥቡት። በሻይ ማንኪያ እጀታ ከሥር ደግፋችሁ ከነአፈሩ አንሱት። የምትይዙት በቅጠሉ ነው። ቅጠል ቢጎዳ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ግን አንድ ነው፣ በጣት ከተጨመቀ አለቀ። ምሽት ላይ አዛውሩትና ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። እናቴ ትርፍ ችግኝ ለጎረቤት ስትሰጥ አይቼ ነው ያደግኩት። እኔም ዘንድሮ ስድስቱን እንዲህ አዛውሬ ለሰፈሩ ልጆች ሰጥቻለሁ። አንዱ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የሱን ጣራ ላይ አሳድጎ ፎቶውን በየሳምንቱ ያሳየኛል።

ትናንት ቆሞ የነበረ ዛሬ ተኝቶ ካገኛችሁት

ችግኙ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ይወድቃል። አንስታችሁ ስታዩት አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል የሆነ ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኗል። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ነው። የወደቀውን ማዳን አይቻልም፤ ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት። የቀሩትን ማዳን ግን ይቻላል። ውሃ ቀንሱ፣ ነፋስ እንዲያገኛቸው አራርቋቸው። ከላይ ማጠጣት ትታችሁ ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጉና ኩባያዎቹን ለ15 ደቂቃ አቁሟቸው፤ ከታች ይጠጣሉ። የላዩ አፈር ሲደርቅ ፈንገሱ ይደክማል። ክረምት ላይ ችግኝ የማላፈላው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በባሕር ዳር ምንም ነገር አይደርቅም። ሁለተኛ ዙር ከፈለጋችሁ መስከረም አጋማሽ ላይ ዝሩ።

ወደ ባልዲ

መጋቢት መጨረሻ ላይ 16 ኩባያ ይኖረኛል፤ በየኩባያው አንድ ችግኝ። ባልዲዬ 11 ነው። እዚህ ላይ የመጨረሻው ምርጫ ይመጣል።

ስድስት ወይም ሰባት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ፣ ቁመታቸው አንድ ስንዝር ሊሞላ ሲል ነው የማዛውራቸው። ከዚያ በፊት ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ማለማመድ አለ። ውሃውን ቀነስ አደርጋለሁ፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ አውላቸዋለሁ፣ ማታም ውጭ ያድራሉ። በዚህ ጊዜ ነው እውነተኛው ማንነታቸው የሚታየው። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ማታ የሚነሳው ደህና ነው። ማታም ያልተነሳው ባልዲ አይገባውም።

ከኩባያው ስታወጡት ሥሩን እዩት። ነጭ ከሆነና አፈሩን አቅፎ ከያዘ ጥሩ ነው። ቡናማ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ላዩ ቢያምርም ተዉት።

ባልዲው የቀለም ከሆነ ተፋፍቆ በደንብ ይታጠብ። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ታጥቦ አይጠራም፤ የምትበሉት ነገር ነው የምትተክሉበት። ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሱትና ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ መሬቱ ላይ ካረፈ ቀዳዳው ይደፈናል።

ቲማቲም በጥልቀት ይተከላል፤ ከተቀበረው ግንዱ ሥር ያወጣል። ቃሪያ እንደሱ አይደለም። ኩባያው ውስጥ በነበረበት ልክ ትከሉት፤ ቢበዛ እስከ ዘር ቅጠሉ። ምሽት ላይ ይሁን። በዚያው ቀን አንድ የሸምበቆ ቁራጭ አጠገቡ ትከሉለት። በኋላ ብትተክሉት ሥሩን ትወጋላችሁ። እኔ ከስፌት የተረፈ ለስላሳ ጨርቅ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዙሬ ላላ አድርጌ አስራለሁ። ክር አይሆንም፤ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል።

አንገቱን ደግሞ በወረቀት ጠቅልሉት፤ ግማሹ አፈር ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ። ቆራጭ ትል ሌሊት መጥቶ አንገቱን የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ካያችሁ በጣታችሁ ጨፍልቁት ወይም በሳሙና ውሃ እጠቡት።

ውሃ በሰዓት አይደለም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። የመጀመሪያዋ አበባ ግንዱ ቅርንጫፍ የሚከፍልበት ቦታ ላይ ትወጣለች። ተክሉ ገና ትንሽ ከሆነ ቅጠፏት፤ መጀመሪያ ቅርንጫፉን ይሥራ። ሐምሌ ሲገባ ባልዲዎቹን ወደ ክፈፉ ሥር አስጠጓቸው።

ከ16ቱ 11ዱ ባልዲ ከገቡ በኋላ ሁለቱን በኩባያቸው ተጠባባቂ አድርጌ አቆያቸዋለሁ። ዘንድሮ አንዱን ትል በልቶብኝ በተጠባባቂ ተክቼዋለሁ። ሦስቱን ሰጠሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ተጠባባቂ ቀርቶ ነበር። እማማ በረንዳው ላይ ቆመው አዩትና «ይኼንንስ ልትቆርጪው ነው?» አሉኝ። አሮጌ ድስታቸውን ታቹን በስቼ ተከልኩላቸው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃሪያዎች ለቅመው፣ ስንግ ሠርተው፣ ከጣና ዓሣ ጋር በሳህን ላኩልኝ።